የሳፋው ዓሦች

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የመጀመሪያው በረከት የተነገረው ለሰው አይደለም። ዘፍጥረት 1፥22ን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ቀኑ አምስተኛው ነው፤ አዳም ገና አልተፈጠረም፤ እግዚአብሔር ግን የውሃ ፍጥረታትንና ወፎችን ባርኮ እንዲበዙ ይነግራቸዋል። በስብከትም ሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታለፋል፤ ሁላችንም ወደ ስድስተኛው ቀን፣ ወደ ራሳችን ታሪክ እንቸኩላለን። መብዛት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ እኔ የገባኝ ባለፈው ጥቅምት፣ ሁለት ዓሦች ሳሎናችን ውስጥ በአንድ ከሰዓት ከ100 በላይ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ነው።

ዓሦቹ ቤታ ይባላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የጌጥ ዓሣ በሚሸጥባቸው ሱቆች አይታችኋቸው ይሆናል፤ በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ፣ ክንፉና ጅራቱ እንደ ሻሽ የሚውለበለብ ቀይ ወይም ሰማያዊ ዓሣ። ለብቻው የተቀመጠው ለማሳመር ብቻ አይደለም። ሌላ ወንድ ቤታ አጠገቡ ቢገባ ይጣላሉ፤ አንዱ እስኪጎዳም ላይላቀቁ ይችላሉ። መስታወት ብታሳዩት የገዛ ምስሉን ጠላት አድርጎ ጉንጩን ይነፋል፣ ክንፉን ይዘረጋል። አገሩ ታይላንድና አካባቢዋ ነው፤ የሩዝ ማሳ፣ ቦይ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጥልቀት የሌለው ውሃ። ታይላንዳውያን ፕላ ካት ይሉታል፤ የሚናከስ ዓሣ ማለት ነው። ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ጨምረው ሲያናክሱና ገንዘብ ሲወራረዱበት ኖረዋል። ከሲያም ንጉሥ የተገኙ ጥቂት ዓሦች ቴዎዶር ካንቶር የተባለ ሐኪም እጅ ገቡና እ.ኤ.አ. በ1849 ስለ እነርሱ ጻፈ። ዛሬ በሳይንስ የሚጠሩበት ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለው ስም የወጣላቸው ደግሞ በ1910 ነው፤ ስፕሌንደንስ በላቲን የሚያንጸባርቅ ማለት ነው። የታይላንድ መንግሥት በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል። እንግዲህ ለመናከስ የተመረጠና ለመናከስ የተዋለደ ፍጥረት ልጅ ሲያሳድግ ማየት ነው ነገሩን ልዩ የሚያደርገው።

ሌላው ልዩ ነገሩ አተነፋፈሱ ነው። እንደ ሌሎች ዓሦች ከውሃው ውስጥ ይተነፍሳል፤ ከዚያ በተጨማሪ ግን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እንደ ጠመዝማዛ መተላለፊያ የተጣጠፈ አካል አለው፤ በእርሱ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይስባል። በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ ብቅ ብሎ አንድ ጉርሻ አየር ወስዶ ይመለሳል። የእኛ አገር አምባዛም ተመሳሳይ ችሎታ አለው። ልዩነቱ ቤታ ያለዚህ አየር መኖር አለመቻሉ ነው። ወደ ላይ መውጣት ያቃተው ቤታ ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የማርባቱ ሐሳብ የመጣው ከታናሽ ወንድሜ ነው። 16 ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በክራንች ይሄዳል። የወጣቶች ኅብረታችን ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እሑድ ታች አዳራሽ ከሁላችን ጋር ያመልካል፤ ቅዳሜ ግን ቤት ይውላል። ወንድሞች ተሸክመውት ሊያወጡት ነግረውት ነበር፤ ከልባቸው ነው። ሁለት ቅዳሜ ተሸክመውት ወጡ። በሦስተኛው ቅዳሜ ራሱን እንዳመመው ተናገረ፤ በአራተኛውም እንደዚያው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም፣ እርሱም ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም። ወንዱን ቤታ የገዛው ባጠራቀማት ገንዘብ በዚያ ሰሞን ነው። ሴቷን እኔ ጨመርኩለት።

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ተቀምጠው በደንብ ይቀለባሉ፤ ከሁሉ የሚወዱት የትንኝ እጭ ነው፤ እርሱን ደግሞ ከጎረቤታችን የውሃ በርሜል በማንኪያ እየጨለፍን እናመጣ ነበር። (ጎረቤታችን በርሜሏ ሲጸዳላት በጣም ደስ አላት።) የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ አድሮ ነው የሚጨመረው። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር መሙላት የለበትም፤ አባትየው የሚወድቁ እንቁላሎችን ከታች እየለቀመ ማምጣት አለበትና ጥልቅ ውሃ ያደክመዋል። የታይላንድ አርቢዎች የደረቀ ቅጠል ውሃው ውስጥ ይነክራሉ፤ እኛ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ነከርን፤ በሁለተኛው ቀን ውሃው ቀጠን ያለ ሻይ መሰለ።

ከባዱ ነገር ሙቀቱ ነው። እነዚህ ዓሦች ለመራባት 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሳሎናችን ውስጥ እኛም ጋቢ እንለብሳለን። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ ገዛን፤ ገንዳውን ከላይ በምግብ መሸፈኛ ላስቲክ ሸፈንነው። የሚጣል ኩባያ ለሁለት ሰንጥቀን ግማሹን እንዲንሳፈፍ አደረግን፤ ወንዱ ከሥሩ ጎጆ ይሠራልና። ሴቷን በቀጥታ አይለቋትም፤ ሳይተዋወቁ ቢገናኙ ይነክሳታል። በመሃል መስታወት ያስፈልጋል። ወንድሜ ቤቱን ሁሉ ሲያስስ ቆይቶ የአያታችንን የፋኖስ ብርጭቆ አመጣ። ከላይም ከታችም ክፍት ነው፤ ገንዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሴቷ እዚያ ውስጥ ሆና ትታያለች፣ አትነካም፤ ጊዜው ሲደርስ ብርጭቆውን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በገንዘብ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወንዱ ጎጆውን ሠራ። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል፣ በአፉ ውስጥ በምራቁ ይጠቀልለዋል፣ ከኩባያው ሥር አንድ አረፋ ይተፋል። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይተፋል። በማግሥቱ ጠዋት የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ነጭ አረፋ ተከማችቶ ነበር። ሴቷ ሰውነቷ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሰንበሮች አወጣች፤ እሺታዋን የምትገልጸው በዚህ ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ብርጭቆውን አነሳነው። እኔ ያን ዕለት ከኅብረት ቀረሁ።

መጀመሪያ አባረራት። የጅራቷ ጫፍ ተቀደደ፤ እማዬ ዐይኗን ሸፍና ወጥ ቤት ገባች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሴቷ ራሷን ዝቅ አድርጋ ከጎጆው ሥር ገባች፤ ወንዱ መላ ሰውነቱን እንደ ቀለበት ጠመጠመባት። ለጥቂት ሰከንድ ሁለቱም ደረቁ፤ የሞቱ መሰሉን። ሲላቀቁ ከሆዷ ሥር ነጫጭ ፍሬዎች መውረድ ጀመሩ። ነጭ ጤፍ ነው የሚያህሉት፤ የተበጠረ ነጭ ጤፍ። ወንዱ ፈጥኖ ነቃ፤ ወደ ታች ወረደ፤ አንድ በአንድ በአፉ ለቀማቸው፤ ወደ ጎጆው አውጥቶ በየአረፋው መሃል ሰካቸው። ከዚያ እንደገና ተጠማጠሙ። ይህ ለሦስት ሰዓት ያህል ቀጠለ። ወንድሜ 140 ድረስ ቆጥሮ ተምታታበት። ሲያበቃ ወንዱ ሴቷን አባረራት፤ እኛም አውጥተን ለብቻዋ አኖርናት። በእነርሱ ዘንድ የእናት ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። የዝዋይና የሐዋሳ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድገው እናቲቱ ናት፤ በቤታ ግን የሕፃናቱ ኃላፊ አባት ነው።

ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ቀናት ያ ዓሣ እንቅልፍ የነካው አይመስለኝም። እንቁላል ይወድቃል፣ ይለቅማል፣ ይመልሳል። አረፋ ይፈነዳል፣ ይተካል። ሰኞ ጠዋት እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ፤ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ጅራታቸው ወደ ታች የተንጠለጠለ ክሮች። እነርሱም ይወድቃሉ። አንዱ ሲወድቅ ወርዶ ያነሳዋል፤ እየመለሰው ሳለ ሌላ ሁለት ይወድቃሉ። ምግብ ብንሰጠው ዘወር ብሎም አላየውም።

በዚያ ሳምንት በኅብረታችን አጭር ቃል የማካፍለው እኔ ነበርኩ። ምን እንዳሰብኩ ትገምታላችሁ። የወደቀውን የሚያነሳ አባት፣ ሳይሰለች፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ። ምሳሌው ተሠርቶ እጄ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን ያው አባት ሕይወት ያልያዙትን፣ ነጭ ሆነው የሻገቱትን እንቁላሎች ሲበላቸው አይቼዋለሁ። ከደነገጠ ደግሞ ጎጆውን በሙሉ ይበላል። ልጆቹ በአግድም መዋኘት ሲጀምሩ፣ ማለት ከተፈለፈሉ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ፣ አርቢዎች አባትየውን ያወጡታል፤ ካልወጣ ልጆቹን እንደ ምግብ ማየት ሊጀምር ይችላልና። ታዲያ የትኛውን ግማሽ ልስበክ? ከፍጥረት ያየነውን ሁሉ ወደ ስብከት ምሳሌ የመቀየር ልማድ አለን፤ የሚመቸንን ግማሽ እንወስድና ሌላውን ግማሽ እንተዋለን። ጌታችን ስለ ድንቢጦች ሲናገር (ማቴ. 10፥29) ስለ ድንቢጥ ጠባይ አንድም ነገር አላስተማረም፤ የተናገረው በምድር ላይ ስትወድቅ አብ የሚያውቅ መሆኑን ነው። ዓሣው ዓሣ ነው፤ ሥራውንም በሚገባ ሠርቷል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ከያዕቆብ መልእክት አካፈልኩ።

አባትየው ሲወጣ ሥራው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ሕፃን ቤታ የደረቀ ምግብ አያውቅም፤ የሚንቀሳቀስና ከአፉ ያነሰ ነገር ብቻ ነው የሚበላው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የጎመን ቅጠል ያደረበት ውሃ ውስጥ የሚፈጠሩትን በዐይን የማይታዩ ፍጥረታት በጠብታ እየቆጠርን ሰጠናቸው። ከዚያ ዓሣ ሻጩ በትንሽ ዕቃ ጥቃቅን ትሎች ሰጠን። እነዚህ ትሎች የሚኖሩት በአጃ ገንፎ ላይ ነው፤ ትንሽ እርሾ ይነሰነስበታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሎቹ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይወጣሉ፤ በጣት ተጠርገው ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። እማዬ ለራሷ ቁርስ የገዛችው አጃ የት እንደሚደርስ ግራ ገብቷት ነበር፤ ስትሰማ ሌላ ግማሽ ኪሎ ገዝታ መጣች፤ ለትሎቹ ለብቻ፣ ክዳኑ ላይ ተጽፎበት። በቀን ሦስት ጊዜ መመገብ፣ በየቀኑ ከሥር ቆሻሻውን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ፣ ውሃው ውስጥ የሚጨመረውን ውሃ አስቀድሞ ማሞቅ። ይህ ለሳምንታት ነው። በ20ኛው ቀን በነጭ ሳህን እየጨለፍን ስንቆጥራቸው 83 ነበሩ።

በኅዳር አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የጠፋው፤ መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። በአራት ሰዓት ቴርሞሜትሩ 24 አለ፤ በስድስት ሰዓት 22። ገንዳውን በሁለት ጋቢ ጠቀለልነው። ውሃ በቡታጋዝ አፍልተን በሃይላንድ ሞልተን ገንዳው ውስጥ አንሳፈፍናቸው፤ ሲቀዘቅዙ እያወጣን ሌላ እንተካለን። ወንድሜ በስልኩ ብርሃን ቴርሞሜትሩን እያነበበ ይጠራል፣ እኔ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን እመላለሳለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እማዬ ተነስታ መጣች፤ እጇን በጋቢው ላይ አድርጋ «ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ዓሦች…» ብላ ጀመረችና ሳቋ መጣ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ጸለየች፤ በሙሉ ልቧ። ለዓሣ ይጸለያል ወይ የሚል ካለ የዮናስን መጽሐፍ የመጨረሻ ቁጥር ያንብብ፤ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ሲናገር እንስሶቹን ሳይጠቅስ አላለፈም።

መብራት የመጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። 83ቱ 57 ሆነው ነጉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸው እየታየ መጣ። አምስት ነበሩ። ይበላሉ፣ ዐይናቸው ንቁ ነው፣ ግን ከወለሉ አይነሱም። በሆዳቸው እየተንሸራተቱ ነው የሚሄዱት። ዓሣን በውሃ መሃል ሚዛኑን ጠብቆ እንዲንሳፈፍ የሚያደርገው በሆዱ ውስጥ ያለ የአየር ከረጢት ነው፤ የእነዚህ በትክክል አላደገም። አርቢዎች ምክንያቱን ሲያወሩ አንዱ ዘር ይላል፣ አንዱ ብርድ፣ አንዱ ምግብ። ምክንያቱ ምንም ይሁን የሚከተለው ነገር ግልጽ ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያ ቅድም የነገርኳችሁ የአየር መተንፈሻ አካላቸው ይሠራል፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ መውጣት ግዴታቸው ነው። እነዚህ አምስቱ እየዘለሉ ይሞክራሉ፤ ግማሽ መንገድ ይደርሳሉ፤ ይወድቃሉ። አሁን የሚያነሳ አባት የለም፤ ቢኖርም ይበላቸው ነበር።

ዓሣ ሻጩን ጠየቅሁት። በዕድሜ የገፋ፣ ለዓሦቹ የሚያዝን ሰው ነው፤ ቃሉን እንደ ጭካኔ እንዳትሰሙት።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ መውጣት ያቃታቸው አምስት አሉ፤ ምን ላድርጋቸው?»

«ልጄ፣ እነሱን ለይተሽ ማስወገድ ነው። አርቢ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ለዘር አይሆኑም፤ የሚገዛቸውም የለም። ቀስ ብለው ታፍነው ከሚሞቱ ቶሎ ቢያርፉ አይሻልም?»

መልስ አልነበረኝም። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ደካማ ዘር እንዳይቀጥል መጠንቀቅ ለዓሦቹም ይጠቅማል፤ ቀስ በቀስ ከመታፈንም ፈጣን ሞት ይሻላል። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ሕይወት እንደሚጠነቀቅ ይናገራል፤ አንዳንድ ጊዜ ያ ጥንቃቄ ስቃይን ማሳጠር ሊሆን እንደሚችል እኔም አምናለሁ። ቤት ስገባ ግን ይህን ለማን እንደምናገር አሰብኩ። ሰው ዓሣ አይደለም፤ ወንድሜም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም «ለዘር አይሆኑም፣ የሚገዛቸውም የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ክራንቹ ግድግዳ ተደግፎ በቆመበት ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ መድገም አልቻልኩም። «ጋሼ ከባድ ነው አሉ» አልኩት ብቻ።

እርሱ ግን ገና ሳልነግረው ጠርጥሯል። ገንዳው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው።

«በማንኪያ እያነሳን አየር ብናስወስዳቸውስ?» አልኩት።

«በቀን ስንት ጊዜ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ፦

«እነሱን ወደ ላይ ማውጣት ካልተቻለ ውሃውን ዝቅ አድርጊላቸዋ።»

የልብስ ማጠቢያ ሳፋችንን አጥበን አራት ሴንቲ ሜትር ውሃ ጨመርንበት። ሌላ ምንም የለውም። አምስቱን በኩባያ አሸጋገርናቸው። የመጀመሪያው በሆዱ ተንሸራተተ፤ ቆመ፤ ጅራቱን አንድ ጊዜ መታ፤ አፉ ከውሃው በላይ ብቅ አለ። አየሩን ወሰደና ተመለሰ። ከሌሎቹ ጋር ምንም ልዩነት የለውም፤ ጉዞው ብቻ ነው ያጠረው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይቆሽሻል፤ ስለዚህ ሳፋውን የምንሸፍንበት ላስቲክ ከሥሩ ደግሞ ለብ ባለ ውሃ የተሞላ ትልቅ ሳፋ አስፈለገው፤ ማሞቂያው በትልቁ ውስጥ ገባ። ከአምስቱ ሁለቱ በሳምንቱ ሞቱ። ሦስቱ አሉ።

ሌሎቹ አደጉ። በጥር ወንዶቹ መናከስ ሲጀምሩ አንድ በአንድ መለየት ነበረባቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የማር ብልቃጥና ሃይላንድ ሰበሰበልን፤ መስኮቱ ሥር 22 ዕቃ ተደርድሮ ነበር፤ በመካከላቸው እንዳይተያዩ ካርቶን። ስለዚህ የዚያ ወር ሥራ የማወራው ብዙ የለኝም፤ ውሃ መቀየር ነው፣ ውሃ መቀየር፣ ውሃ መቀየር። አብዛኞቹን ዓሣ ሻጩ ወሰዳቸው፤ የሰጠን ገንዘብ የማሞቂያውንና የአጃውን ወጪ ሸፍኖ ጥቂት ተረፈ። ሦስቱን ግን ሲያይ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። «እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አለ። ከዚያ ዘር እንዳናስወልዳቸው አጥብቆ አስጠነቀቀን።

የኅብረታችን መሪም አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዓሦቹን ለማየት ቤታችን መጣ። እማዬ ቡና አፈላች። ብልቃጦቹን ሁሉ አይቶ ካደነቀ በኋላ ሳፋውን አየና ወንድሜን ጠየቀው፦ እነዚህ ለምን ከሌሎቹ ተለይተው በዚህች ትንሽ ውሃ ተቀመጡ? ወንድሜ አስረዳው፤ ስለ አየር ከረጢቱ፣ ስለ መተንፈሻው፣ ስለ አራት ሴንቲ ሜትሩ። እንደ አስተማሪ ነው ያስረዳው፤ ስለ ዓሣ ብቻ ነው የተናገረው። መሪያችን ቆሎ እየቆረጠመ ሰማ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥቶ ጸለየልንና ሄደ።

በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ኅብረቱ ታች ባለው የልጆች ክፍል ተሰበሰበ፤ ለአንድ ወር ሙከራ ነው ተብሏል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ይደርሳል፤ ኪቦርዱን የሚጫወተው ወንድም ድምፁ አይወጣም ብሎ ቅር ብሎታል፤ እውነቱን ነው፣ አይወጣም። ወንድሜ ሁለቱን ቅዳሜ መጣ። በሦስተኛው አልመጣም፤ ምክንያቱን ስጠይቀው የኬሚስትሪ ፈተና እንዳለው ነገረኝ፤ ደብተሩም ተከፍቶ ነበር። ከወሩ በኋላ የት እንደምንሰበሰብ ገና አልተወሰነም።

ሳፋው ውስጥ ካሉት ሦስቱ አንዱ ወንድ ነው፤ ቀይ ነው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር። ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ እንዳይጣሉና እንዳይራቡ በፕላስቲክ መረብ ከፍለናቸዋል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ላስቲኩን ስገልጥ በእርሱ በኩል በሳፋው ጥግ ላይ ነጭ አረፋ ተከማችቶ አየሁ። ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል። ወንድሜን ጠራሁት፤ ክራንቹን ትቶ በጉልበቱ እየዳኸ መጣና አየው። ሴት አናስገባለትም፤ በዚህ ከዓሣ ሻጩ ጋር ተስማምተናል። ውሃ ስንቀይር ግን ጎጆው እንዳይፈርስ ከወዲያኛው ጥግ ነው በቡና ሲኒ ቀስ እያልን የምንጨልፈው።